ለአካውንቲንግ ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ልጄ ለኤ ሌቭል ምን ትምረጥ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ለንደን

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ኢየር 11 ናት። ለሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም ኤ ሌቭል ለሚማሩባቸው የመጨረሻ ሁለት ዓመታት፣ ሦስት ትምህርት መርጠሽ አስገቢ ተብላለች፣ ጊዜው እየደረሰ ነው። አካውንታንት መሆን ነው የምፈልገው ትላለች። ያውም ብድር ተበድራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳይሆን በዲግሪ አፕረንቲስሺፕ፣ እየሠራች፣ ደሞዝ እየተከፈላት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሰማሁት ከእሷ ነው። መጀመሪያ አፕረንቲስ ስትለኝ የታየኝ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ ነበር። አሁን ገብቶኛል። መጨረሻ ላይ ጋውን ለብሳ እንደ ማንም ተማሪ ትመረቃለች፣ የትምህርቱንም ክፍያ አሠሪዋና መንግሥት ናቸው የሚችሉት።

ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። እሷ ኢኮኖሚክስ፣ ሂስትሪና ቢዝነስ ትላለች። አባቷ ደግሞ «ሂሳብ ሳይማሩ የሂሳብ ባለሙያ የት አገር ነው ያለው?» ብሎ ተነስቷል። ማትስ ካልወሰደች አልፈርምም ይላል። በሞክ (በመለማመጃ) ፈተናው ከ9 ማትስ 6፣ እንግሊዝኛ 7፣ ሂስትሪ 8 አምጥታለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እራት ላይ ሌላ ወሬ የለንም።

እኔ በዚህ አገር ትምህርት ቤት አልተማርኩም፣ ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ መፍረድ አልቻልኩም። ማትስ ግዴታ ነው? ኢኮኖሚክስና ቢዝነስ አብረው ቢወሰዱ ችግር አለው? አካውንቲንግ ራሱን በኤ ሌቭል የሚያስተምር ኮሌጅ አውቶቡስ ተይዞ በሚሄድበት ሰፈር አለ፣ እሱስ ይሻላል? በመንገዱ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ኦዲተሯ

እህቴ፣ ባለቤትሽን ያሳሳተው ቋንቋችን ነው። በአማርኛ ትምህርቱም ሂሳብ፣ ሬስቶራንት የምንከፍለውም ሂሳብ፣ የአካውንታንቱም ሥራ ሂሳብ። አንድ ቃል ስለሆነ አንድ ነገር ይመስለናል። አይደለም።

ኦዲት ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እስከ ዛሬ በሥራዬ ላይ ኢንተግራል የሚባል ነገር ፈትቼ አላውቅም። መደመር፣ መቀነስ፣ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ ይኸው ነው፣ እሱንም ኤክሴል ይሠራዋል። ቀኔ የሚያልቀው ውል ሳነብ፣ ኢሜይል ስጽፍ፣ መጋዘን ሄጄ «ወረቀቱ 400 ካርቶን ይላል፣ እኔ የቆጠርኩት 372 ነው፣ ቀሪው የት ነው?» ብዬ አንድ የተቆጣ ሰው ስጠይቅ ነው። ከዚያ ያገኘሁትን ሌላ ሰው አንብቦ በሚረዳው መንገድ መጻፍ። ሂስትሪ 8 ያመጣች ልጅ የዚህ ሥራ ግማሹ በእጇ ነው።

የጂሲኤስኢ (የኢየር 11 ማጠቃለያ ፈተና) ማትስና እንግሊዝኛ ግን ቀልድ የለባቸውም። የአፕረንቲስሺፕ ማስታወቂያዎቹ ሁለቱን በስም ይጠይቃሉ፣ አንዳንዱ 4፣ አንዳንዱ 5 ወይም 6 ይላል። ለኤ ሌቭሉ ግን አብዛኞቹ ውጤት ነው የሚያዩት፣ የትምህርቱን ስም አይደለም።

የራሴን ልንገርሽ። እኔም በጂሲኤስኢ 6 የሚሆን ውጤት ይዤ፣ ሁሉም ሰው ግድ ነው ስላለኝ ማትስ ገባሁ። ሁለት ዓመት ለማትስ ስሮጥ ሌሎቹን ሁለቱን በደንብ አልሠራኋቸውም። መጨረሻ ላይ ቢ፣ ቢ፣ ዲ። አሁን ባለው የዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት) አቆጣጠር ቢ 40 ነው፣ ዲ 24፣ ስለዚህ 104 ነጥብ ማለት ነው። ሦስተኛው ቢ ቢሆን 120 ነበር። ያመለከትኩበት ድርጅት ይፈልግ ከነበረው በትንሽ ጎደልኩና ቦታው አመለጠኝ። በኋላ በኤኤቲ (የአካውንቲንግ ሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ሌቭል 4 በኩል ገብቼ ደረስኩ፣ ግን አንድ ዓመት በከንቱ ሄደብኝ፣ ያን ኦገስት ደግሞ እናቴ ስታለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ቢ እና ከዚያ በላይ የምታመጣበትን ትምረጥ።

የሌስተሩ አባት

ኦዲተሯ ያለችውን አከብራለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልጅቷ ገና 16 ዓመቷ ነው! ዛሬ አካውንቲንግ ያለች ልጅ ኢየር 13 ስትደርስ ኢኮኖሚክስ በዲግሪ ልማር ብትልስ? ኬምብሪጅ፣ ኤልኤስኢ፣ ዋሪክ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለኢኮኖሚክስ ማትስ በኤ ሌቭል ይፈልጋሉ፣ ያኔ በሩ ዝግ ነው። የእኔ ልጅ እንደዚሁ አሳቡን ቀየረ፣ ማትስ ስለነበረው መሄጃ አላጣም። አባትየው ምክንያቱን በደንብ አላስረዳ ይሆናል እንጂ ፍርሃቱ ልክ ነው።

ደግሞ ሞክ ሞክ ነው። ከሞክ ፈተናው እስከ ዋናው ፈተና፣ እስከ ሜይና ጁን፣ ልጅ ብዙ ይለወጣል። አሁን የምትሞሉት ፎርም የመጨረሻ ውል አይደለም፣ አብዛኛው ትምህርት ቤት ኦገስት ላይ ውጤት ሲወጣ በምዝገባው ቀን ቦታ ካለ ያስቀይራል። ስለዚህ ፎርሙ ላይ ማትስን አስገቡ። ግን አስቀድማችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ለኤ ሌቭል ማትስ 7 ይፈልጋሉ፣ 6 የሚበቃቸውም አሉ። 7 ካሉ ነገሩ በራሱ ይወሰናል፣ እራት ላይ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ባለቤትሽ ይወቅ። ኤ ሌቭል ማትስ ሁለት ሦስተኛው ፒዩር (እንደ አልጀብራና ካልኩለስ ያለው ንጹህ ሂሳብ) ነው፣ ቀሪው ስታቲስቲክስና መካኒክስ። ስታቲስቲክሱ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። መካኒክሱ የፊዚክስ ጎረቤት ነው፣ ለአካውንታንት ምንም አያደርግለትም።

ሁለተኛ ዓመት አፕረንቲስ

ሰላም እናታችን፣ እንደምን ነዎት። እኔ 20 ዓመቴ ነው፣ አሁን በዚሁ መንገድ ላይ ነኝ። የወሰድኩት ኢኮኖሚክስ፣ ጂኦግራፊና ማትስ ነበር፣ ማትስ ሲ ነው ያመጣሁት። በቃለ መጠይቁ ስለ ማትስ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

የሚጠይቁት እንዲህ ነው። ማመልከቻው ብዙ ቦታ የሚከፈተው ኢየር 13 እንደጀመሩ ሴፕቴምበር አካባቢ ነው፣ ቀነ ገደቡን ሳይጠብቁ ሰው ሲሞላላቸው የሚዘጉ ብዙ ናቸው። ጓደኞቼ የዩካስን የጃንዋሪ ቀን ሲጠብቁ ያመለጣቸው ለዚህ ነው። ከዚያ በኦንላይን ፈተና አለ፣ ሰንጠረዥና ግራፍ ሰጥተው በሰዓት የሚያስሠሩት። ከባድ ሂሳብ የለውም፣ ፍጥነት ነው፣ ልምምድ ያሸንፈዋል። ከዚያ ራስዎን በቪዲዮ ቀርጸው የሚልኩት ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ ደግሞ ከሌሎች አመልካቾች ጋር የቡድን ሥራ የሚሠሩበት ቀን። እዚያ ላይ ከሰው ጋር መነጋገር የምትችል ልጅ ናት የምትመረጠው። ልጅዎ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር ገንዘብ ስትቆጥር ብትረዳ፣ ሱቅ ብትሠራ፣ ያንን ታውራ። እኔ የአጎቴን ሱቅ ደረሰኝ እንደማስተካክል ነው የነገርኳቸው፣ አሥር ደቂቃ ስለሱ ጠየቁኝ።

ስለ ጥያቄዎችዎ። አካውንቲንግ በኤ ሌቭል ጥሩ ትምህርት ነው። ሁለት ፈተና ነው፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት፣ አንዱ መዝገብ አያያዙ፣ ሌላው ትንተናና ውሳኔ። ግን ግድ አይደለም። እኛ ስንገባ ደቢትና ክሬዲትን ከዜሮ ነው ያስተማሩን፣ ቀድመው የተማሩት ሁለት ወር ቀለላቸው፣ ከዚያ እኩል ሆንን። ለዚያ ብላ ከምትወደው ትምህርት ቤት መልቀቅ የለባትም። ኢኮኖሚክስና ቢዝነስ አብረው ይወሰዳሉ፣ ግን ይደጋገማሉ፣ አንዳንድ ትምህርት ቤት አይፈቅድም። ከሁለቱ ኢኮኖሚክስ የበለጠ ያስጽፋል፣ 25 ነጥብ የሚይዝ ረጅም መልስ አለው። ሂስትሪ የምትችል ልጅ አትፈራውም።

እባክዎ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። «አፕረንቲስሺፕ» የተባለው ሁሉ ዲግሪ አይሰጥም። አንዳንዱ ከሌቭል 4 ወደ ሌቭል 7 (የማስተርስ ያህል ደረጃ) አሻግሮ ቻርተርድ አካውንታንት ያደርጋል፣ ዲግሪ ግን የለውም። ለሥራው ችግር የለውም፣ ጋውኑን ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ከአሁኑ ማወቅ ይሻላል። በእንግሊዝ ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለሌቭል 7 መንግሥት የሚከፍለው፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ሲጀምሩ ከ16 እስከ 21 ዓመት ለሆኑት ነው። ልጅዎ በ18 ዓመቷ ስለምትጀምር አይነካትም። «ትንሽ ልረፍ፣ በኋላ እገባለሁ» ለሚል ታላቅ ወንድም ግን ይነካዋል።

ደሞዙ እንደ ድርጅቱ ነው። ለጀማሪ አፕረንቲስ በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛው ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ በሰዓት 8 ፓውንድ ነው፣ ትልልቆቹ ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። በ2025 ዩኒቨርሲቲ የገባ ጓደኛዬ ለአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ 9,535 ፓውንድ ይቆጠርበታል። እኛ ቤት ደግሞ ሙስሊሞች ነን፣ የተማሪ ብድሩ ወለድ ስላለው አባቴ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ይህ መንገድ ያንን ጭንቀት ከቤታችን አውጥቶልናል።

ይደክማል ግን። አልዋሽዎትም። ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ሲዝናኑ እሷ ቀን ሥራ፣ ማታ ፈተና ይሆንባታል። ራሷ ፈልጋው ካልሆነ አትግፏት።

ከአዲስ አበባ ማንችስተር

እኔ አካውንቲንግ የተማርኩት አገር ቤት ነው፣ እዚህ መጥቼ ኤሲሲኤ (የቻርተርድ አካውንታንት የሙያ ፈተና) እየጨረስኩ ነው። የአባትየውን ነገር ሳነብ የራሴን አባት ነው ያስታወሰኝ። እኛ ዘመን ጎበዝ ከሆንክ ናቹራል፣ ካልሆንክ ሶሻል ነበር የሚባለው። እኔ ሶሻል ስመርጥ አባዬ አንድ ወር አኮረፈኝ። ያ አስተሳሰብ በሻንጣችን አብሮን መጥቷል። እዚህ አገር ኢኮኖሚክስና ሂስትሪ የሰነፍ ትምህርት አይደሉም፣ አባትየውን ወንድሜን በዚህ ላይ ማሳመን ከቻልኩ ደስ ይለኛል።

ኤሲሲኤ 13 ፈተና አለው፣ እንደ ዲግሪው እስከ 9 ድረስ ይቀነስልሃል፣ ማለፊያው 50 ነው። እኔ ከመጨረሻዎቹ አንዱን 46 አምጥቼ ወደቅኩ። ስሌቱን አልተሳሳትኩም። ጥያቄው «ለዳይሬክተሮቹ ምክር የያዘ ሪፖርት ጻፍ» ይላል፣ እኔ ቁጥሩን አስቀምጬ አለፍኩ። ለምን እንደሆነ፣ ምን አደጋ እንዳለው፣ ምን ይደረግ የሚለውን በሁለት መስመር ዘጋሁት። ሁለተኛ ጊዜ ስፈተን ሦስት ወር ሙሉ የተለማመድኩት መጻፍ ብቻ ነው፣ አለፍኩ። አብሮኝ የተፈተነ እዚሁ ያደገ ልጅ በኤ ሌቭል እንግሊዝኛ ሊትሬቸር የወሰደ ነበር፣ በመጀመሪያው አለፈ። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ የሚያስጽፍ ትምህርት ይሁን። ማትስ ይኑር አይኑር ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ለአባትየው አንድ ደስ የሚል ነገር። ይህ ሙያ አገር ቤትም ይሠራል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲከተሉ ወስናለች፣ እዚህ የምንማረውም እሱኑ ነው። ልጅቷ አንድ ቀን አዲስ አበባ ልሥራ ብትል ባዶ እጇን አትሄድም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ለንደን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ ስልኬን ሰጥቼው ቁጭ ብሎ ሁሉንም አነበበው። የናቹራልና የሶሻሉ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ዛሬ ትምህርት ቤቱን ደውለን ጠየቅን፣ ለማትስ 7 ነው የሚፈልጉት። እንግዲህ ኢኮኖሚክስና ሂስትሪ ተወስነዋል። ሦስተኛው ላይ ለጊዜው ማትስ ጻፍን። ኦገስት ላይ ውጤቷ 7 ከሆነና ራሷ ከፈለገች ትቀጥላለች፣ 6 ከሆነ በቢዝነስ ትቀይራለች። አባቷም እሺ ብሏል። እሷ እፎይ ብላ ተኛች።

የኔ ልጅ፣ አንተ አፕረንቲሱ፣ ስለ ድካሙ በግልጽ ስለነገርከኝ ተባረክ። አነበብኩላት፣ «እሱን አውቃለሁ ማሚ» አለችኝ።

አንድ የቀረ ጥያቄ። የጓደኛዋ ቤተሰብ ከመጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው፣ የስደተኛነት ወረቀታቸው ግን ተፈቅዶላቸዋል። ሦስት ዓመት ካልኖርሽ አይቻልም ብለዋት ልጅቷ ተስፋ ቆርጣለች። እውነት ነው?

ሁለተኛ ዓመት አፕረንቲስ

እናታችን፣ የሦስት ዓመቱ ሕግ አለ፣ ግን የስደተኛነት ፈቃድ ያገኘን ሰው አይመለከትም። በእንግሊዝ የአፕረንቲስሺፕ የገንዘብ ደንብ ላይ ፈቃዱ ያላቸው ሦስት ዓመት መጠበቅ አይጠበቅባቸውም። ትምህርት ቤቷ ውስጥ የሙያ አማካሪ አለ፣ ወረቀቷን ይዛ ትሂድ፣ ደንቡን አብረው ያንብቡት። ማመልከቻ ላይ መሥራት ሲጀምሩ ሁለቱም ይጻፉልኝ፣ የኦንላይኑን ፈተና አብሬያቸው እለማመዳለሁ። እሑድ ከሰዓት ነፃ ነኝ።