ደወሉ ከተደወለ በኋላ፦ ዴኔሪስ ከተማዋን ማቃጠሏ ከታሪኩ የመነጨ ነው ወይስ የተጫነባት?

የመወያያ ጥያቄ

የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የቴሌቪዥን ድራማ ስምንተኛ ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል የሆነው «ዘ ቤልስ» እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2019 ከተላለፈ ወዲህ ተመልካቹ ለሁለት እንደተከፈለ ነው። የዋና ከተማዋ የኪንግስ ላንዲንግ ወታደሮች ሰይፋቸውን ከጣሉና እጅ መስጠታቸውን የሚያስታውቀው ደወል ከተደወለ በኋላ፣ የአባቶቿን ዙፋን ለማስመለስ የዘመተችው ዴኔሪስ ታርጋሪያን በዘንዶዋ በድሮጎን ላይ ሆና ሕዝቡን በእሳት ፈጀችው። ይህ ድርጊት ከእርሷ የሚጠበቅ ነበር ወይስ ደራሲዎቹ ታሪኩን ለመቋጨት ሲቸኩሉ የጫኑባት ነው?

አንደኛ ተከራካሪ

የሚጠበቅ ነበር። በሁለተኛው ምዕራፍ በቃርዝ ከተማ በር ላይ እንዳትገባ ተከልክላ በቆመችበት ሰዓት፣ ዘንዶዎቿ ሲያድጉ ከተሞችን እንደምታቃጥል በግልጽ ዝታለች። በሚሪን ከተማ 163 የባሪያ ጌቶችን፣ ጥፋተኛውን ከንጹሑ ሳትለይ፣ በእንጨት ላይ አስቸንክራለች። በሰባተኛው ምዕራፍ አንገዛልሽም ያሏትን ራንዲል ታርሊንና ልጁን ከነሕይወታቸው አቃጥላለች። ያን ጊዜ ሁሉ ያጨበጨብንላት የሚሞቱት ሰዎች ስለማያሳዝኑን ነው። በመጨረሻ ደግሞ ዘንዶዋን ሬጋልንና የቅርብ ወዳጇን ሚሳንዴን አጥታለች፣ አማካሪዋ ቫሪስ ከድቷታል፣ የምትወደው ጆን ስኖውም ከእርሷ የቀደመ የዙፋን መብት ያለው የወንድሟ ልጅ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ እያየን «ድንገት አበደች» ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛ ተከራካሪ

ወንድሜ፣ የዘረዘሯቸው ነገሮች ሁሉ እውነት ናቸው፤ አንዱንም አልክድም። ይሁን እንጂ በአራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የሆነውን ሳያነሱ አልፈውታል። አንድ ድሃ አባት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ዙፋኗ ፊት ይቀርባል፤ ጨርቁን መሬት ላይ ሲፈታው ድሮጎን ያቃጠላት የሦስት ዓመት ሴት ልጁ አጥንት ነው። ዴኔሪስ የልጅቷን ስም ትጠይቃለች። ከዚያም ጥፋቱ የእነርሱ ባይሆንም የቀሩትን ሁለቱን ዘንዶዎች ወደ ምድር ቤት ወስዳ በገዛ እጇ የብረት ማነቆ ታጠልቅባቸዋለች፤ ከኋላዋ እየጮኹ ስትወጣም እንባዋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። ለአንዲት ሕፃን ስትል «ልጆቼ» የምትላቸውን ያሰረች ሴት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ያሉበትን ከተማ ለማቃጠል ምን እንዳበቃት ድራማው ደረጃ በደረጃ ሊያሳየን ይገባ ነበር።

ሌላም ልዩነት አለ። ጌቶቹም ታርሊዎቹም የበደሏት ወይም እንቢ ያሏት ሰዎች ነበሩ፤ የኪንግስ ላንዲንግ ሕዝብ ግን እጁን ሰጥቶ ምሕረቷን የሚጠብቅ ነበር። ሚሳንዴን ያስገደለችው ንግሥት ሰርሲ በቤተ መንግሥቱ በሬድ ኪፕ መስኮት ላይ ቆማ እየታየች፣ ዘንዶው በቀጥታ ወደ እርሷ አልበረረም፤ በየመንገዱና በየጉራንጉሩ የሚሸሹትን ሴቶችና ልጆች እያሳደደ ነው የፈጃቸው። ቁጣዋ ይገባኛል፤ ቁጣው በጠላቷ ፋንታ ሕዝቡ ላይ የዞረበት ምክንያት ግን ከሰባት ዓመት በፊት በተሰማ ዛቻ ብቻ ሊሞላ አይችልም።

ይህ ደግሞ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች እያንዳንዳቸው 10 ክፍሎች ነበሯቸው፤ ሰባተኛው 7፣ ስምንተኛው 6 ብቻ ነበረው። ሚሳንዴ የተገደለችው በአራተኛው ክፍል ማብቂያ ነው፤ በሚቀጥለው ክፍል ከተማዋ አመድ ሆነች። ቀድሞ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ይወስድ የነበረ የልብ ለውጥ በአንድ ሳምንት አለቀ።

ሦስተኛ ተከራካሪ

የተመልካቹ ቁጣ ከድርሰቱ ጉድለት ይልቅ ከፍቅር የመነጨ ይመስለኛል። በአሜሪካ በ2018 ብቻ ከ500 በላይ ሴት ሕፃናት በማዕረጓ «ካሊሲ» ተብለው ተሰይመዋል። ምዕራፉ እንደገና ይሠራ የሚለውን አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሞበታል። ሰው የወደደው ሰው ሲከፋበት ምክንያት መፈለጉ ያለ ነው።

አንደኛ ተከራካሪ

እኔም እስማማለሁ። በተጨማሪም ዳይሬክተሩ ሚጌል ሳፖችኒክ ካሜራውን መሬት ላይ ማቆየቱ ትልቅ ማስተዋል ነው። ከዚያ በኋላ የምናየው ከጆን ጋር እንደ እህት ያደገችው አርያ አመድ ለብሳ እንዴት ከሚረግጣት ሕዝብና ከሚናድ ግንብ ጋር እንደምትታገል ነው። ከታች ላለ ሰው ዘንዶ እንጂ ንግሥት አትታየውም፤ ጦርነት ለሕዝብ እንዲህ ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ

አርያ ያለችበትን ትዕይንት ሁሉ እኔም እየተንቀጠቀጥሁ ነው ያየሁት፤ ከተማዋን ከታች ማሳየታቸውን አልነቅፍም። የምነቅፈው የዴኔሪስን ፊት ጨርሶ መደበቃቸውን ነው። ደወሉ ሲደወል በግንቡ ላይ ሆና ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ ዓይኗ ሬድ ኪፕ ላይ ሲተከል እናያለን፤ ድሮጎን ከተነሣ በኋላ ግን እስከ ክፍሉ መጨረሻ ፊቷ አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም። ለስምንት ዓመታት ያዘነችውንም የተደሰተችውንም በፊቷ እያነበብን ኖረን፣ ከሁሉ የከበደውን ውሳኔ በወሰነችበት ሰዓት አጠገቧ እንዳንሆን ተደረግን። እህቴም ቁጣችን ከፍቅር ነው ማለትዎ ልክ ነው፤ የወደዳት ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቅ ግን መልሱን ከራሱ ከድራማው ማግኘት አለበት።

መልሱ እንዴት እንደመጣ ልብ ይበሉ። በመጀመሪያ ከክፍሉ ጋር በተለቀቀው ማብራሪያ፣ ቀድማ እንዳላሰበችበትና አባቶቿ የሠሩትን ሬድ ኪፕ ባየችበት ቅጽበት እንደወሰነች አዘጋጆቹ በራሳቸው አንደበት ነገሩን። ቀጥሎም በሜይ 19 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍል፣ በፈረሰው የዙፋን አዳራሽ ውስጥ፣ ሰርሲ የሕዝቡን ንጹሕነት እንደ መሣሪያ ልትጠቀምበት እንደሞከረች ለጆን ተናገረች። ይህ ሊያከራክር የሚችል፣ የሚያስፈራም ሐሳብ ነው፤ በግንቡ ላይ በነበረችበት ሰዓት ፊቷ ላይ ባነበው በወደድሁ። የሰማነው ግን ከተማዋ ከነደደች ከሳምንት በኋላ፣ ጆን ጩቤውን ሊሰካባት ጥቂት ሲቀረው ነው።