ጃዝ ቤዝ አንዱን ቮሊዩም ስቀንስ ያጉረመርማል፤ ፒካፕ ልቀይር?

ታፎ ቤዝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤዙ ባለ አራት ክር ጃዝ ነው (ሁለት ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ማግኔትና የሽቦ ጥቅል፣ ያለው የቤዝ ጊታር ዓይነት)፣ ባትሪ የለውም። ሁለቱም ቮሊዩሞች (የየፒካፑ ድምፅ ማዞሪያዎች) ሙሉ ሲከፈቱ ጸጥ ይላል፤ አንዱን ትንሽ ስቀንስ "እምምም" ይጀምራል። ክሩን ስነካ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በብሪጁ (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ብረት) በኩል ያለው ፒካፕ ቮሊዩም ደግሞ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። እዚሁ ለገጣፎ አንድ ልጅ ያገለገሉ ሁለት ፒካፖች ይዞ በትርፍ ብሪጄ እንለዋወጥ እያለኝ ነው። ያዋጣል?

ባለካውያ፦
ብሪጅህን አትስጥ ወንድሜ። በጻፍከው ምልክት ፒካፖችህ ደህና ናቸው። የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒካፖች በተቃራኒ የተጠመጠሙ ናቸው፣ ማግኔታቸውም እንደዚያው፤ እኩል ሲከፈቱ የገባው ጉርምርምታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንዱን ስትቀንስ ያ ይቀራል። የልጁም ፒካፖች ነጠላ ጥቅል ከሆኑ ያንኑ ያደርጋሉ፤ ከተለያየ ቤዝ የተነቀሉ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም ተከፍተው ሊጮሁ ይችላሉ።

ክር ስትነካ መቀነሱ ከብሪጁ ወደ ቮሊዩሙ ጀርባ የሚሄደው ሽቦ እንዳልተበጠሰ ያሳያል። የጎደለው ከውጭ የሚገባውን ጩኸት የሚከልል ሽፋን ነው። የፒካፖቹንና የቮሊዩሞቹን ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ልበጠው። ቁራጮቹ 5 ሚሊሜትር ያህል ይደራረቡ፤ ሙጫው ኤሌክትሪክ ላያሳልፍ ስለሚችል መገናኛቸውን በሊድ (በካውያ የሚቀልጥ መበየጃ) ነጥብ ነጥብ እያደረግክ በይደው። ከየጉድጓዱ አንድ ሽቦ አውጥተህ ቮሊዩም ጀርባ ላይ አሳርፍ። ከብሪጁ እስከ ቴፑ በቴስተር ስትለካ ወደ ዜሮ ኦም የተጠጋ ማሳየት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጃኩ ጋ ነው፦ ገመዱ ሲሰካ የሲግናሉ ምላስ ወደ ውጭ ተገፍቶ ቴፑን ይነካል፣ ድምፁም ድርግም ይላል። እዚያ ላይ ጥቁር ቴፕ ደርብበት። የወጥ ቤት ፎይል ሊድ አይዝም፣ ተወው።

ኢ ክር፦
ልክ ነው፤ ግን ቴፑ ሁሉን ያጠፋል ብለህ አትጠብቅ። የሚይዘው ከቻርጀር፣ ከኤልኢዲ አምፖልና ከግድግዳ ሽቦ የሚመጣውን ዝዝታ ነው። ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ትራንስፎርመር የሚወጣው የ50 ኸርዝ መግነጢስ መዳቡን አልፎ ይገባል። በኢኳላይዘር (የድምፅ ማስተካከያ) ልቁረጠው እንዳትል፣ ኢ በሚባለው ወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው የጂ ኖታ 49 ኸርዝ ነው፤ ኖታው አብሮ ይሄዳል። ከአምፑ ራቅ ብለህ ቀስ እያልክ ዙር፤ አንድ አቅጣጫ ላይ ሲወርድ ትሰማዋለህ።

ለሚንኮሻኮሸው ቮሊዩም፣ ከእግሮቹ በላይ ባለው ክፍተት የኮንታክት ስፕሬይ ነፍተህ ደጋግመህ ወዲያ ወዲህ አዙረው። ካልተሻለው ኤ250ኬ (ኤ ዓይነት፣ 250 ኪሎ ኦም) የተጻፈበት ቮሊዩም ግዛ። መርካቶ ከሬዲዮ ዕቃዎች መሀል ስትመርጥ ፊደሉን እይ፤ በብዛት ቢ የሚል ሊሰጡህ ይችላሉ፣ እሱ ስትቀንሰው ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይለወጥ መጨረሻው ላይ ባንዴ ይወርዳል። ዘንጉንም ለካ፦ 6 እና 6.35 ሚሊሜትር አለ፣ የድሮው ማዞሪያ በአንዱ ላይ ይላላል ወይም አይገባም። ጀርባውን በሳንድ ፔፐር ሳትፍቅ አትበይድ። ቀጭን ጫፍ ያለው ደካማ ካውያ ጀርባውን ቶሎ ስለማያሞቀው ብዙ ይዘህ ውስጡን ታቃጥላለህ፤ ሰፋ ያለ ጫፍ፣ 40 ዋት ወይም ከዚያ በላይ፣ ጥቂት ሰከንድ።

ሦስት ሽቦ፦
ከሁሉ በፊት ሶኬቱን አረጋግጥ። ከተማ ዳር ባሉ አዳዲስ ቤቶች የመሬት ሽቦው ሳይገናኝ ሶኬቱ ብቻ ይገጠማል፤ አንዳንዱ ማከፋፈያም ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ያኔ የመዳቡ ሽፋን የያዘውን የሚያወርድበት መሬት አያገኝም። የቤዙን ክርና ማይኩን አንድ ላይ ስትነካ የሚነዝርህ ከሆነ አምፑን ንቀል፣ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትሰካው። ጉርምርምታ ለመቀነስ ብሎ የስፒናውን የመሬት እግር መቁረጥ ሰው ይገድላል።

ታፎ ቤዝ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ በሌላ ዕቃ ቢለውጠኝ ፒካፖቹን ምን ብዬ ልፈትሽ?

ባለካውያ፦
ቴስተሩን 20ኬ ኦም ላይ አድርገህ ሁለቱን ሽቦ ለካ። ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ካሳየ ጤነኛ ነው፤ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ርዝመታቸውንም ከራስህ ፒካፖች ጋር አስተያይ፦ በብዙ ጃዝ ቤዞች የብሪጁ ከኔኩ (በአንገቱ በኩል ካለው) ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚረዝም ሁለት የኔክ ፒካፕ ይዘህ እንዳትመጣ።