ስንት ስህተት ሲያገኝ ይቁም?

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ከዚራ ነው ያለሁት። የነጋዴዎችን የዕቃ ዝርዝር በየሌሊቱ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ ሶፍትዌር ሠርቼ አንድ ነገር ላይ ተጣበቅኩ። ስንት የተበላሸ መስመር ሲያጋጥመው ይቁም?

መጀመሪያ በአንድ ስህተት እንዲቆም አደረግኩት። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ቀኑን 30/02 ብሎ ጻፈ። ጥቅምት 30 ማለቱ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ፌብሩዋሪ መሰለው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። በዚያች መስመር ሌሊቱ ሙሉ ባከነ። ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ ደውሎ «ወንድሜ፣ ዝርዝሩ የታለ? መኪና ቆሞብኛል» ሲለኝ በጣም አዘንኩ።

ዝም ብሎ እንዲዘል ማድረግም ያስፈራኛል። በዚያው ፋይል 12/02 የተባለው እኮ ፌብሩዋሪ 12 ሆኖ ሰተት ብሎ ይገባል።

ፋይል ወደ ዳታቤዝ የሚያስገቡ የሌሎች ድርጅቶችን መሣሪያዎች አየሁ። የኦራክል ኤስኪውኤል ሎደር ካልነገሩት 50 ስህተት ይታገሳል። የኤስኪውኤል ሰርቨር በልክ ኢንሰርት 10። የፖስትግሬስ ኮፒ ካልነገሩት በመጀመሪያው ይቆማል። የእኔ ፋይል ግን አንዳንዴ 40 መስመር፣ አንዳንዴ 60,000 ነው። ለ40 መስመር 10 ስህተት ሩቡ ማለት ነው።

በቁጥር ልወስን ወይስ በመቶኛ? ሴቲንግ ለማይነካ ተጠቃሚ እናንተ ምን ታስቀምጡለታላችሁ? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።