ብቻቸውን ለሚያድሩ እናቴ የጥሪ ቁልፍና ሴንሰር ላስገባ? የተንከባካቢዎችን አስተያየት እጠይቃለሁ

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ79 ዓመት እናቴ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ቀን ቀን ተንከባካቢ ብትመጣላቸውም ሌሊቱን ብቻቸውን ናቸው። አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ሲጫኑት ወደ እርዳታ ማዕከል የሚደውል የአደጋ ጊዜ ጥሪ ቁልፍ፣ በየክፍሉ እንቅስቃሴን የሚከታተል ሴንሰርና በሰዓቱ የሚከፈት የመድኃኒት ሳጥን የያዘ አገልግሎት ቀርቦልኛል። በሙያው ያላችሁ፣ በእርግጥ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ (የቤት ለቤት ተንከባካቢ፣ ቨርጂኒያ)፦
የጥሪ ቁልፉን ያስቀድሙ። አረጋውያንን የሚጎዳው መውደቁ ብቻ ሳይሆን ሳይነሱ ረጅም ሰዓት ወለል ላይ መቆየቱም ነውና፤ እንዲህ የቆየ ሰው ሰውነቱ ውኃ ያጣል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ የተጫነው ጡንቻም ተጎድቶ ኩላሊትን እስከማወክ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ቁልፉ የሚያድነው ሰውነታቸው ላይ ካለ ብቻ ነው። ብዙ እናቶች ገላቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ አውልቀው ኮመዲኖ ላይ ያኖሩታል፤ የሚያንሸራትተው ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ ነው። ስለዚህ ውኃ የማያበላሸውን ይምረጡ፤ ከማተባቸው ጋር መደራረቡን ካልወደዱም በእጅ አንጓ የሚታሰረው ይሻላል። ከመፈረምዎ በፊት፣ ጥሪውን የሚቀበለው ማዕከል የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ማገናኘት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ወድቀው የደነገጡ እናት በእንግሊዝኛ ያስረዳሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም።

መልስ (ነርስ)፦
በቁልፉ እስማማለሁ። የሴንሰሩ ጥቅም ግን ቀስ በቀስ የሚመጣውን ለውጥ ማሳየቱ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት መመላለስ ሲበዛ የስኳር መጨመር ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የሚያነብና ለሐኪም የሚነግር ሰው ከሌለ መረጃው ዋጋ የለውም። ሴንሰሩ የሚያስጠነቅቀው ከተለመደው ውሎ ሲወጡ በመሆኑ፣ በዐቢይ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምግብ የማይቀምሱ ከሆነ የማቀዝቀዣው በር አለመከፈቱን፣ ለኪዳን ሳይነጋ መውጣታቸውንም እንደ አደጋ ይቆጥረዋል። የሐሰት ጥሪ ሲደጋገም ልጆች ስልኩን ችላ ማለት ይጀምራሉ፤ እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። የመድኃኒት ሳጥኑን ሰዓትም ጾሙን ለሐኪማቸው ሳይነግሩ አይሙሉ፤ አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶች ያለ ምግብ ሲወሰዱ ስኳርን ከመጠን በላይ ያወርዳሉ። ሳጥኑ መከፈቱን እንጂ መድኃኒቱ መዋጡን አያውቅም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ መኝታ ቤታቸው ካሜራ ይግባ ይላል፤ እሳቸው ግን አይሆንም ብለዋል። ክፍያውስ በማን ነው?

መልስ (ነርሷ)፦
አይሆንም ካሉ አይሆንም። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ለወንድምዎ ሥጋት የአልጋና የበር ሴንሰር ይበቃል።

መልስ (ኬዝ ማናጀር ማለትም የእንክብካቤ አገልግሎት አስተባባሪ፣ ሜሪላንድ)፦
መደበኛው ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) የጥሪ አገልግሎቱን አይሸፍንም፤ በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጡ አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላኖች ግን ይጨምሩታል። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ካላቸው ኮሚዩኒቲ ፈርስት ቾይስ በተባለው የቤት ውስጥ እንክብካቤ ፕሮግራሙ በኩል ሊያገኙት ስለሚችሉ ያመልክቱ። በተጨማሪም የበር ቁልፍ የሚቀመጥበት የሚስጥር ቁጥር ያለው ሳጥን ደጃፋቸው ላይ ያስገጥሙና ቁጥሩን ለጥሪ ማዕከሉ ያስመዝግቡ፤ አለዚያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩን ለመስበር ይገደዳሉ።