ለጓሮ የሚሆን ዘይቱን፦ በጣዕም የሚመረጠው የትኛው ነው?

ጥያቄ፤ ከቢሾፍቱ

ጤና ይስጥልኝ። በግቢያችን አባቴ ከዘር ያበቀሉት አንድ የዘይቱን ዛፍ አለ። ፍሬው ከእንቁላል አይበልጥም፤ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ውስጡ ነጭ ነው፣ ሽታውም ከአጥር ውጪ ለሚያልፍ መንገደኛ ሳይቀር ይደርሳል። ሲበሉት ግን አሸዋ እንደገባበት ምግብ ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዘሩም ከሥጋው የሚበዛ ይመስላል። በቅርቡ አንድ ዘመዳችን ከድሬዳዋ በፌስታል ይዞልን የመጣው ደግሞ ውስጡ እንደ ሐብሐብ የቀላ፣ ለስለስ ያለና ጣፋጭ ነበር፤ ልጆቹ ለማግሥቱ አንድ እንኳ አላስተረፉም።

ሁለት ዛፍ የሚተከልበት ቦታ አለኝና ከመቆፈሬ በፊት ልጠይቅ። የቀዩና የነጩ ልዩነት በእርግጥ የጣዕም ነው ወይስ የዓይን ብቻ? በውጭ አገር ስም ያላቸው ዝርያዎች በጣዕም እንዴት ይለያያሉ? ከድሬዳዋው ፍሬ ያስቀረሁትን ዘር ብዘራው ያንኑ ጣዕም አገኛለሁ? በቤታችን ዘይቱን የሚበላው እንዲሁ ነው፤ ጭማቂ የምንሠራው አልፎ አልፎ ነው።

መልስ፤ ከሐዋሳ

ከቀለሙ ልጀምር። የዘይቱንን ውስጥ የሚያቀላው ሊኮፒን የተባለው፣ ቲማቲምንና ሐብሐብንም የሚያቀላው ንጥረ ነገር ነው፤ በራሱ ጣዕም የለውም። ስለዚህ ቀይ ስለሆነ ብቻ ጣፋጭ ነው ሊባል አይችልም። በእኔ ጓሮ ካሉት አራት ዛፎች ሁለቱ ቀይ ናቸው፤ አንደኛው እጅግ ጣፋጭ ሲሆን ሌላው ለጭማቂ ካልሆነ በቀር ፊት የሚያስጨማድድ ኮምጣጣ ነው። ጥርስ ላይ ቀጭ የሚልብዎ ደግሞ በፒር ፍሬ ውስጥም የሚገኙት፣ ግድግዳቸው እንደ እንጨት የጠነከረ የሕዋሳት ስብስቦች ናቸው፤ ብዛታቸው ከዛፍ ዛፍ ይለያያል።

የአባትዎን ዛፍ ከመንቀፍዎ በፊት ግን ፍሬውን መቼ እንደቀመሱት ልጠይቅዎ። ያው አንዱ ዛፍ ነሐሴ ላይ ውኃ ውኃ የሚል ፍሬ ሰጥቶ ጥር ላይ ስኳሩ የጠነከረ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል፤ ዝናብና ደመና ጣዕሙን ያቀጥኑታል። ዘይቱን የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ በመሆኑ እኔ ግንቦት ላይ ጫፍ ጫፉን እቆርጠዋለሁ፤ ያን ጊዜ የሚያወጣው ቀንበጥ ክረምቱን አብቦ ፍሬው ጥርና የካቲት ላይ፣ ፀሐይ በበረታችበት ወቅት ይደርስልኛል። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ መዞር ሲጀምር ለቅሞ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት ይቻላል፤ ጭራሽ ጥሬውን የተቀጠፈ ግን ቢለሰልስም አይጣፍጥም።

በዘሩ በኩል ተስፋ ባልሰጥዎ ይሻላል። አበባው ከሌላ ዛፍ ብናኝ ስለሚደርሰው ከአንድ ፍሬ የወጡ ዘሮች እንኳ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። የድሬዳዋውን ጣዕም ከፈለጉ ከዛፉ ራሱ የተወሰደ ቅርንጫፍ ያስፈልግዎታል። ያም ሆኖ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን አይርሱ፤ ያ ሁሉ ሙቀት አብሮት አይመጣም።

መልስ፤ ከደቡብ ፍሎሪዳ

እኔ የምኖረው ከማያሚ በስተደቡብ፣ በሆምስቴድ አካባቢ ነው። የኩባ ጎረቤቶቼ ዘይቱንን ጓያባ ይሉታል፤ ከስኳር ጋር እስኪረጋ አፍልተው፣ እንደ ሳሙና ቆራርጠው ከአይብ ጋር ይበሉታል። የዝርያ ስም ከመምረጥዎ በፊት ዘይቱንን እንዴት መብላት እንደሚወዱ ቢወስኑ ይሻላል እላለሁ፤ ዝርያዎቹ የሚለያዩት ከቀለማቸው ይልቅ በዚህ ነውና።

የታይላንድና የታይዋን ዝርያዎች ገና አረንጓዴ ሳሉ የሚበሉ ናቸው። አንዱ ፍሬ ግማሽ ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሥጋው ነጭና እንደ ፖም ቅርሽም የሚል ነው። ጣፋጭነቱ ለዘብ ያለ፣ ሽታውም ከቁጥር የማይገባ ነው። ታይላንዶች በጨው፣ በስኳርና በተፈጨ ቃሪያ እያስነኩ ይበሉታል፤ እኔ አንድ ቀን ሚጥሚጣ ነስንሼበት ሞከርኩና ከዚያ ወዲህ ያለ ሚጥሚጣ አልበላሁትም። እስኪለሰልስ ከጠበቁት ግን ለእኔ አፍ የተቀቀለ ዱባ ነው፤ ብዙ ሰው “የታይላንድ ዘይቱን ጣዕም የለውም” የሚለው ጊዜው ካለፈ በኋላ ስለሚበላው ይመስለኛል።

ሩቢ ሱፕሪም ከዚህ ፍጹም ይለያል። ሩቢ ከተባለው ቀይና ሱፕሪም ከተባለው ነጭ ተዳቅሎ የተገኘ ሲሆን ሥጋው ወፍራም፣ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ሮዝ፣ ዘሩ ያለበት መሐል ጠባብ ነው። በደንብ ሲበስል ጣፋጩና ኮምጣጣው ተመጣጥኖ ይመጣል፤ ለጭማቂም ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ይሁን እንጂ ለእንግዳ አንድ ፍሬ ብቻ ቆርጠህ አቅርብ ብባል የማቀርበው ሜክሲካን ክሪም የሚባለውን ነው። ትንሽ ነው፣ ልጣጩ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ አልፎ አልፎ ቀላ ይላል፤ በቢላዋ ሲከፈት ውስጡ የወተት ቅባት መልክ አለው፣ ዘሩ ጥቂትና ከሌሎቹ ለስላሳ ነው፣ ኮምጣጣነቱ እምብዛም ነው። ነጭ ሆኖ ከቀዮቹ ሁሉ የሚጣፍጠኝ መሆኑ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ሊሆንዎ ይችላል። ማንኛውንም ዓይነት ቢመርጡ ልጣጩን አይጣሉት፤ መዓዛውም ሆነ ቫይታሚን ሲው የሚበዛው ከልጣጩና ከልጣጩ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ነው።

መልስ፤ ከናታንያ

እስራኤል በመጣን ሰሞን እናቴ ገበያ ገብተው ዐረብኛ ተናጋሪ የሆነውን ነጋዴ “ዘይቱን አለህ?” ብለው ቢጠይቁት ደስ ብሎት አንድ ኪሎ የወይራ ፍሬ መዘነላቸው። በእሱ ቋንቋ ዘይቱን ማለት ወይራ ነውና አልተሳሳተም፤ እናቴ ግን ቤት ገብተው አንዱን እስኪቀምሱ ድረስ ገና ያልበሰለ ዘይቱን መስሏቸው ነበር።

እዚህ በሰፊው የሚታወቀው ቤን ዶቭ የሚባል፣ ፒር የሚመስል ቅርጽ ያለው ነጭ ዝርያ ነው። በመከር ወራት ሲደርስ አንድ ሳህን ፍሬ መላውን ቤት ያውደዋል፤ ሽታውን የማይወዱ ሰዎች ከአውቶቡስ እስከመውረድ ይደርሳሉ ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ጣዕሙ ጥሩ ጣፋጭ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከከረመ ግን መዓዛው ይሞትና ስኳር ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የሚበላውን ከአንድ ቀን በፊት አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አሳድረዋለሁ።

ቦታው የሚጠብብዎ ከሆነ የእንጆሪ ዘይቱን የሚሉትን ያስቡበት። የዘይቱን የቅርብ ዘመድ እንጂ ራሱ ዘይቱን አይደለም፤ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ፍሬው የብይ መጠን ያለው ጥቁር ቀይ ነው፣ ከእውነተኛው ዘይቱንም ይልቅ ብርድ ይችላል። ጣፋጭነቱ ከኮምጣጣ ጋር ስለሆነ ልጆች ይወዱታል። እንደ ሐዋይ ባሉ ደሴቶች ግን ከግቢ አምልጦ ደን የወረረ ተክል ስለሆነ በማሰሮ ቢይዙት እመርጣለሁ።

ከቢሾፍቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአባቴን ዛፍ ግንቦት ላይ ቆርጬ ጥር ላይ እንደገና እቀምሰዋለሁ፤ እስካሁን የምንለቅመው በክረምት እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ። ቅርንጫፍ ከውጭ አገር በሻንጣ ማስመጣት ያለ ፈቃድ እንደማይቻል፣ በሽታም ሊያመጣ እንደሚችል ስለማውቅ ሐሳቤን የጣልኩት ድሬዳዋ ላይ ነው። ቅርንጫፉን ሥር የማስያዙ ሥራ እንዴት ነው?

ከሐዋሳ

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ከእርሳስ የሚወፍር፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ጤናማ ቅርንጫፍ ይምረጡ። ልጣጩን ዙሪያውን ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገፍፈው ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ ሽፋን በቢላዋ ጀርባ ይፋቁት፤ ይህ ካልተፋቀ ቁስሉ ይጋጠምና ሥር አያወጣም። ከዚያ ብስባሽ የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር በጭብጥ ያህል አልብሰው በፌስታል ይጠቅልሉና ሁለቱንም ጫፍ ይሰሩት። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ሥሩ በፌስታሉ ሲታይ ከታች ቆርጠው በቆርቆሮ ወይም በባልዲ ጥላ ሥር ያቆዩታል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን እንዳይነኩት።

ከቢሾፍቱ

ዘመዴን ደውዬ ጠየቅኩት። ዛፉ የጎረቤቱ፣ የአንዲት አሮጊት መሆኑን ነገረኝ፤ ፍሬ ለሰው መስጠት ይወዳሉ፣ ቅርንጫፍ ማስነካት ግን አይወዱም አሉ። አምስት ኪሎ የአድኣ ማኛ ጤፍ ይዤ ራሴ ልሄድ ነው።