ግራ አንጎል ሲጎዳ እግር ለምን ይተርፋል?

ጥያቄ፦ ግራው የታላቁ አንጎል ክፍል በስትሮክ ሲጎዳ ቀኝ እጅ ይዝላል፣ ንግግርም ይጠፋል። እግር ግን አንዳንዴ ደህና ነው። ለምን?

መልስ 1፦ ግራ አንጎል ቀኝ ጎንን የሚያዘው በመሻገር ነው፤ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት የእንቅስቃሴ ነርቭ ክሮች ከህብለ ሰረሰር በላይ፣ በሜዱላ (የአንጎል ግንድ የመጨረሻ ክፍል) ታችኛው ጫፍ ወደ ተቃራኒው ጎን ያልፋሉ። የእግሩ ጉዳይ ግን የደም ሥር ነው። እንቅስቃሴን የሚያዘው እጥፋት ከማዕከላዊው ቦይ (በአንጎል ገጽ ላይ ካለው ትልቅ ስንጥቅ) ወደ ፊት በኩል ይገኛል። የፊትና የእጅ ቦታ በውጭው ገጽ፣ የእግር ደግሞ ሁለቱ ንፍቆች (የታላቁ አንጎል ግማሾች) በሚተያዩበት ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ውጭውን መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ይመግባል፣ ውስጡን የፊተኛው የአንጎል ደም ቅዳ። ስለዚህ የመካከለኛው ቅርንጫፍ ሲደፈን እጅና ፊት ይጎዳሉ። መካከለኛው ደም ቅዳ ከመነሻው ከተደፈነ ግን እግርም አይቀርለትም፤ ክሮቹ ሁሉ ጥልቅ ውስጥ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ተጨናንቀው ነው የሚወርዱት።

መልስ 2፦ «ንግግር ይጠፋል» ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ያደባልቃል። ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ያመለከተው የግንባር ሎብ (ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል) አካል ሲጎዳ ሰውየው በአብዛኛው ይረዳል፣ ቃል ግን አንድ በአንድ በጭንቅ ይወጣዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ቬርኒከ በ1874 እ.ኤ.አ. የገለጸው የጆሮ ግንድ ሎብ (በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል) አካል ሲጎዳ ደግሞ ንግግሩ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ትርጉም ግን የለውም፣ የሚባለውም አይገባውም። የኋለኛውን ብዙ ሰው የአእምሮ ሕመም ይመስለዋል። ታማሚው ግራኝ ከሆነም ቋንቋው በቀኝ አንጎል ነው ብለህ አትቸኩል፤ ከግራኞች 70 በመቶ ገደማ ቋንቋቸው በግራ ነው።

መልስ 3፦ የታማሚውን ፊት ስታይ ግንባሩን እንዲያሸበሽብ ጠይቀው። በታላቁ አንጎል ስትሮክ የላይኛው ፊት ከሁለቱም ንፍቆች ትእዛዝ ስለሚደርሰው ግንባር ይሸበሸባል፣ አፍ ብቻ ይጣመማል። ግንባርም ከዛለ ብዙውን ጊዜ የተጎዳው አንጎሉ ሳይሆን የፊት ነርቭ ራሱ ነው።