«ነጠቀኝ» ሲል አዳነኝ ነው ወይስ ቀማኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የላቲን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ቃል ላይ ተያዝኩ። ጽሑፉ በስኮትላንድ፣ በኤደንብራ የሆሊሩድ ገዳም በነበረ የናስ የጥምቀት ገንዳ ላይ የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1544 የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ጦር ኤደንብራንና የወደብ ከተማዋን ሊዝን ሲያቃጥል፣ ሪቻርድ ሊ የሚባል የጦር መሐንዲስ ገንዳውን ወስዶ በእንግሊዝ አገር ለሴንት ኦልባንስ ቤተ ክርስቲያን ሰጠው። ጽሑፉንም ያስቀረጸው እሱ ነው። ተናጋሪው ግን ገንዳው ራሱ ነው። «ሊ ከእሳቱ ኤሬፕቱም አድርጎ ወደ እንግሊዞች አመጣኝ» ይላል። «አዳነኝ» ልበል ወይስ «ወሰደኝ»? ደግሞስ ገንዳውን «ጥምቀተ ባሕር» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥምቀተ ባሕር አያስኬድም። ጥምቀተ ባሕር ሲባል ትዝ የሚለን ታቦት ወርዶ የሚያድርበት፣ ጥር 11 ሕዝቡ ጠበል የሚረጭበት ቦታ ነው። ያንቺው ሕፃን ክርስትና የሚነሳበት ዕቃ ነው። «የክርስትና ገንዳ» በይው። ገንዳ ብቻውን ከሆነ ግን አንባቢ ከብት የሚጠጣበትን ያስባል፤ የከተማ ሰው ደግሞ የቆሻሻውን። (በነገራችን ላይ፣ በእንግሊዝ ስንት የድንጋይ የክርስትና ገንዳ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የከብት ማጠጫ ሆኗል!)

ወደ ኤሬፕቱም ስንመጣ፣ እኔ «ነጠቀኝ» እላለሁ። ላቲኑ ሁለት ፊት አለው፤ ከአደጋ ማውጣትም፣ ከሰው እጅ መቀማትም ነው። የእኛም ነጠቀ እንደዚያው ነው። «ሐኪሙ ከሞት አፍ ነጠቀው» እንላለን። «ሌባው ቦርሳዋን ነጠቃት» እንላለን። «አዳነኝ» ካልሽ ለሊ ፈረድሽለት። «ዘረፈኝ» ካልሽ ደግሞ እሱ ያላለውን አስባልሽው። እሳቱን የለኮሰው የራሱ ወገን ጦር መሆኑን አትርሺ። ለኳሹ ራሱ «ከእሳት አወጣሁ» ሲል፣ ያን ሁሉ የሚሸከም ቃል ነጠቀ ነው።

ጠያቂዋ፦ በጣም አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ያለውስ? «የነገሥታት ልጆችን ብቻ ነበር የማጥበው፤ አሁን ኢንፊሚስ እንግሊዞችን እንኳ በደስታ አገለግላለሁ» ይላል። «ተራ ሰው» ልበል?

ሌላ አባል፦ «ተራ» ይለዝባል። ኢንፊሚስ ከታችም የታች ነው። እኔ «የመጨረሻውን ድሃ እንግሊዛዊ ሳይቀር» እል ነበር። «ምናምንቴ» ግን ድሃውን መስደብ ይሆናል። ነገሩ የታለመው ስኮትላንዶቹን ለማሳፈር ነው፤ ንጉሦቻችሁ የታጠቡበት ዕቃ የኛ ድሃ መታጠቢያ ሆነ ለማለት።

እኔን ያሳዘነኝ «ቤኔፊኪይ» የሚለው ቃል ነው። ውለታ ማለት ነው። የተወሰደው ዕቃ የወሰደውን ሰው «ውለታህን አልረሳም» እንዲል ተደረገ። አፍ የሌለው ነገር ላይ እንዲህ ያለ ቃል መጫን ይከብዳል። ስለዚህ «ውለታ»ን አትቀይሪው፤ ልክ እንዳለ ይቅር።

ጠያቂዋ፦ ይቀራል። ገንዳው ራሱ አሁን የለም። በ1640ዎቹ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። ጽሑፉን ያቆየልን እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ዊልያም ካምደን ነው፤ ቀድቶ በመጽሐፉ አስገብቶታል። እስካሁን የደረስኩበት ይኸው፦ «ሪቻርድ ሊ ከእሳት ነጥቆ ወደ እንግሊዞች አመጣኝ። የነገሥታት ልጆችን ብቻ አጥብ ነበር። አሁን ይህን ትልቅ ውለታ አስቤ፣ የመጨረሻውን ድሃ እንግሊዛዊ ሳይቀር ደስ ብሎኝ አገለግላለሁ። ድል አድራጊው ሊ እንዲህ ፈቀደ።» መጨረሻው ላይ «ፈለገ» ነበር ያልኩት፤ ማታ ወደ «ፈቀደ» ቀየርኩት።